ከሴንትኦኤስ 7 ወደ ዴቢያን 13 ሲዛወር ኮምፓይል አልሆን ያለ የሲ ፕሮግራም

እንዝርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። በምሠራበት የንግድ ድርጅት የደንበኞችን ስምና የዱቤ ሒሳብ የሚመዘግብ፣ በተርሚናል ላይ የሚሠራ አንድ የቆየ የሲ ፕሮግራም አለን። የጻፈው ባለሙያ ድርጅቱን ከለቀቀ ቆይቷል፤ የምንጭ ኮዱ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ይገኛል። ፕሮግራሙ ሲሠራ የኖረው ሴንትኦኤስ 7 በተጫነበት ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ የዚያ ስርዓት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 መጨረሻ ስለተቋረጠ አዲስ ማሽን ላይ ዴቢያን 13 ጭነን የፕሮግራሙን ፎልደር እንዳለ ገልብጠናል። የኢንተርኔት ዳታ ለመቆጠብ ስል የሲ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን) ጂሲሲን የጫንሁት የሚመከሩ ተጨማሪ ፓኬጆችን እንዳያወርድ በሚያደርገው አማራጭ ነው። ፋይሎቹን በተራ ኮምፓይል የሚያስደርገውን ሜክን ስጀምር ገና በመጀመሪያው ፋይል ላይ «ስቲድአይኦ የተባለው ሄደር ፋይል የለም» ብሎ ይቆማል። በአሮጌው ሰርቨር ላይ ይኸው ኮድ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ ኮምፓይል ይሆናል። ከየት ልጀምር?

ቀንዲል፦

ሰላም እንዝርት። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ከፕሮግራምዎ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የጂሲሲ ፓኬጅ ኮምፓይለሩን እንጂ የሲን መደበኛ ላይብረሪ ሄደሮች (የፋንክሽኖችን ስምና ዓይነት የሚያስተዋውቁ ፋይሎች) አይዝም፤ እነሱ የሚመጡት ሊብሲ6-ዴቭ በሚባል ሌላ ፓኬጅ ነው። ዴቢያን ደግሞ ያንን ፓኬጅ ከጂሲሲ ጋር ያያያዘው በግዴታ ሳይሆን በምክር ደረጃ ስለሆነ፣ እርስዎ በመረጡት አማራጭ ምክንያት ሳይወርድ ቀርቷል። «አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል» ቢሉ ሄደሮቹም፣ ሜክም፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩም አብረው ይገባሉ።

ከዚህ በኋላ ሌሎች «የለም» የሚሉ ሄደሮች መምጣታቸው አይቀርም። በሴንትኦኤስ «-ዴቬል» በሚል ቅጥያ የሚያውቋቸው ፓኬጆች በዴቢያን «-ዴቭ» ይባላሉ። ላይብረሪው ራሱ በማሽኑ ላይ መኖሩ ለተዘጋጀ ፕሮግራም ማስኬጃ እንጂ ለኮምፓይል አይበቃም፤ ሄደሩንና ሊንከሩ (የተዘጋጁ ቁራጮችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገናኘው) የሚፈልገውን ያለ ስሪት ቁጥር የተሰየመውን የላይብረሪ ፋይል የሚያመጣው የ«ዴቭ» ፓኬጁ ነው። የትኛው ሄደር በየትኛው ፓኬጅ እንዳለ ካላወቁ «አፕት-ፋይል ሰርች» ብለው የሄደሩን ስም ይስጡት፤ ገና ያልተጫነውንም ጭምር ይነግርዎታል።

ቀጥለው ሲሞክሩ ሜክን በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ አድርገው ያስኪዱት፤ ብዙ ፋይል በአንድ ላይ ሲሠራ የአንዱ ስህተት በሌላው መሐል ይገባና የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ውጤቱን በ«ቲ» ትእዛዝ ወደ ፋይል ይጻፉትና ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። ተርሚናሉ ላይ ዓይን የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜክ «ስህተት 1» ብሎ ማቆሙን የሚናገርበት ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ጂሲሲ መጀመሪያ በተገኘው ስህተት ላይ እንዲቆም የሚያደርገው «-ደብሊውፌታል-ኤረርስ» ለዚህ ይጠቅማል። ሜክፋይሉ (የሜክ መመሪያ ፋይል) ላይ ሲፍላግስ የሚለው፣ ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ አማራጮች ያሉበት መስመር ምን እንደያዘም ይለጥፉልን።

እንዝርት፦

አመሰግናለሁ፤ ቢልድ-ኢሴንሻል ከገባ በኋላ ያ ስህተት ጠፍቷል። ቀጥሎ የኤንከርስስ (የተርሚናል ስክሪን የሚሠራበት ላይብረሪ) ሄደር የለም አለኝ፤ ሊብኤንከርስስ-ዴቭን ስጭን እሱም አለፈ። አሁን የቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ደንበኛ_ፈልግ የሚባለውን የራሳችንን ፋንክሽን የሚመለከት ሲሆን «ዲክሌር ያልተደረገ ፋንክሽን» (ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ያልተነገረ) ይለኛል፤ በዚያው መስመር ላይ ደግሞ «ከኢንቲጀር ወደ ፖይንተር ያለ ካስት ተሰጥቷል» (የሜሞሪ አድራሻ በሚጠበቅበት ቦታ ሙሉ ቁጥር ገብቷል) የሚል ሌላ ስህተት ይጨምራል። ሁለተኛው በስክሪን ላይ የአማርኛ ስም የሚጽፈውን አድ-ደብሊው-ኤስቲአር የተባለውን የኤንከርስስ ፋንክሽን እንዲሁ «ዲክሌር አልተደረገም» የሚል ነው፤ ሄደሩ ግን ኢንክሉድ መደረጉን አይቻለሁ።

የሲፍላግስ መስመሩ የያዘው «-ኦ2» እና ንዑሱን «-ደብሊው» ብቻ ነው።

ሰም_ለበስ፦

ይህ በጂሲሲ 14 የመጣ ለውጥ ነው፤ ዴቢያን 13 የያዘው 14.2ን ነው። ሲፍላግሱ ላይ «-ኤፍፐርሚሲቭ» ይጨምሩበት፤ ስህተቶቹ ወደ ማስጠንቀቂያ ይወርዳሉ፣ ሥራዎም ይቀጥላል። ወይም ቋንቋውን በ«-ኤስቲዲ» አማራጭ ወደ ጂኤንዩ89 ይመልሱት። ሁለቱንም ያዘጋጁት የጂሲሲ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ለዓመታት ሲሠራ የኖረን ፕሮግራም ለአንድ የስሪት ለውጥ ሲባል መበርበር አያስፈልግም።

ቀንዲል፦

ሰም_ለበስ የጠቀሷቸው አማራጮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ምን እንደሚደብቁ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ አሮጌው ሰርቨር «አንድም ማስጠንቀቂያ» ያላሳየው ኮዱ ንጹሕ ስለነበረ አይደለም። በሲፍላግስ ላይ ያለው ንዑሱ «-ደብሊው» ማስጠንቀቂያን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ሁሉንም ዋና ዋና ማስጠንቀቂያ አሳይ ከሚለው «-ደብሊውኦል» ጋር ስሙ ይቀራረባል እንጂ ሥራው ተቃራኒው ነው። በዚያ ላይ ሴንትኦኤስ 7 የሚጠቀምበት ጂሲሲ 4.8 ኮዱን የሚያነበው እ.ኤ.አ. በ1990 በነበረው የሲ መስፈርት ሲሆን፣ በዚያ መስፈርት መሠረት ዲክሌር ያልተደረገ ፋንክሽን ሲጠራ ኮምፓይለሩ «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል» ብሎ ገምቶ ያልፋል። የ1999 መስፈርት ይህን ልማድ ሰርዞታል፤ ጂሲሲ 5 በ2015 አዲሱን ቋንቋ መደበኛ ሲያደርግ ማስጠንቀቂያ ሆነ፣ ጂሲሲ 14 ደግሞ በ2024 ስህተት አደረገው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ «ኢንት ይመልሳል» የሚለው ግምት በ64 ቢት ማሽን ላይ ትልቅ ነገር ነው። ኢንት 32 ቢት ሲሆን ፖይንተር 64 ቢት ነው፤ ደንበኛ_ፈልግ የሚመልሰው የደንበኛውን መዝገብ አድራሻ ከሆነ፣ ጠሪው ፋይል የሚወስደው የአድራሻውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ስህተት ያዩትም ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ግምቱን፣ ሁለተኛው የግምቱን ውጤት ይናገራል። ፋንክሽኑ ዲክሌር ሲደረግ ሁለቱም በአንድ ላይ ይጠፋሉ።

ሰም_ለበስ፦

ማብራሪያው ትክክል ነው። ነገር ግን እውነተኛ አደጋ ቢኖረው ኖሮ ፕሮግራሙ በሴንትኦኤስም ላይ ይወድቅ ነበር፤ ያም ማሽን 64 ቢት ነው። ሱቁ ሥራ እየጠበቀ ኮድ ከማጽዳት አስቀድሞ አስኪዶ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

እንዝርት፦

ሁለቱንም ለማመዛዘን ስል በፎልደሩ ቅጂ ላይ «-ኤፍፐርሚሲቭ»ን ጨምሬ ሞከርሁ። ኮምፓይሉ አለፈ፤ ሊንከሩ ግን ጠቅላላ_ዱቤ የሚባለውን ቫሪያብል «ከአንድ ጊዜ በላይ ዲፋይን ተደርጓል» እያለ በብዙ ፋይሎች ስም ደጋገመው። «-ኤፍኮመን» የሚለውን አማራጭ አንድ ቦታ ላይ አይቼ ስጨምር ያም አለፈና ፕሮግራሙ ተሠራ። ዋናው ገጽ በትክክል ይከፈታል፤ ደንበኛ ፈልግ የሚለውን ስመርጥ ግን «ሴግመንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነክቷል) ብሎ ይወድቃል፣ ያውም ሁልጊዜ።

ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ ሳየው፣ ፋንክሽኑ ከመመለሱ በፊት ያለው አድራሻ በ55 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ የሄክሳዴሲማል ቁጥር ነው። በጠሪው ፋይል ውስጥ ግን የመጨረሻዎቹ 8 አሃዞች ብቻ ቀርተዋል። ቀንዲል ያሉት ይኸው ይመስለኛል፤ ታዲያ ሰም_ለበስ እንደጠየቁት፣ በሴንትኦኤስ ላይ ለምን አልወደቀም?

ቀንዲል፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሲ ቋንቋ ይልቅ ፕሮግራሙ በሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚመለከት ነው።

ጂሲሲ በሴንትኦኤስ 7 ላይ ልዩ አማራጭ ካልተሰጠው በስተቀር የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሁልጊዜ በአንድ ዝቅተኛ አድራሻ ላይ የሚጫን ነው። ማሎክ የተባለው ሜሞሪ ሰጪ ፋንክሽን ለትናንሽ መዝገቦች የሚሰጠው ሜሞሪ ደግሞ ከፕሮግራሙ ብዙም ሳይርቅ ከጎኑ ይጀምራል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ አድራሻ በ32 ቢት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቁጥር ነበር። የላይኛው ግማሽ ሁሉ ዜሮ ከሆነ ተቆርጦ ቢጣልም የሚጎድል ነገር የለም። ኮዱ የተሳሳተ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ትክክል ይወጣ የነበረው በዚህ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ቢሆን እንኳ ማሎክ በአንድ ጊዜ ከ128 ኪሎባይት በላይ ሲጠየቅ ሜሞሪውን የሚያመጣው ከሩቅና ከከፍተኛ አድራሻ ነው፤ ስለዚህ ተመላሹ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁራጭ ቢሆን ኖሮ እዚያም ይወድቅ ነበር።

ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስሪት 9 ጀምሮ ፕሮግራሞችን በማናቸውም አድራሻ ሊጫኑ በሚችሉበት ፒአይኢ በተባለው መንገድ ያዘጋጃል፤ አድራሻውም ለደኅንነት ሲባል በተነሣ ቁጥር ይቀያየራል። በ55 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ያዩት የዚሁ ምልክት ነው። አሁን የላይኛው ግማሽ ዜሮ ስላልሆነ ሲቆረጥ አድራሻው ይበላሻል።

«-ኖ-ፒአይኢ» ብሎ ወደ ድሮው አቀማመጥ መመለስ ይቻላል፤ ውድቀቱም ምናልባት ይጠፋል። ገንዘብ ለሚቆጥር ፕሮግራም ግን አልመክረውም፤ በሌላ ቀን የተቆረጠ አድራሻ ሕጋዊ ከሆነ ሌላ ቦታ ጋር ቢገጣጠም ፕሮግራሙ ከመውደቅ ይልቅ የሌላ ሰው ሒሳብ ሊያሳይ ይችላል።

ጣና_ዳር፦

ጥገናው የተፈራውን ያህል ረጅም አይደለም። ደንበኛ_ፈልግ የተጻፈበት የሲ ፋይል የራሱ ሄደር ከሌለው አንድ ይክፈቱለትና የፋንክሽኑን ዲክላሬሽን እዚያ ያስቀምጡ። ከዚያ ሄደሩን በሚጠሩት ፋይሎች ብቻ ሳይሆን ፋንክሽኑ በተጻፈበት ፋይል ውስጥም ኢንክሉድ ያድርጉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ሄደሩ አንድ ነገር ብሎ ፋንክሽኑ ሌላ ቢል ኮምፓይለሩ ሊያውቀው የሚችለው ሁለቱን በአንድ ላይ ሲያይ ነው። «-ደብሊውሚሲንግ-ፕሮቶታይፕስ» የሚለውን አማራጭ ቢያስገቡ ደግሞ አስቀድሞ ዲክሌር ሳይደረግ የተጻፈን ፋንክሽን ሁሉ በስም ይጠራልዎታል። ያ ዝርዝር የሥራ ዝርዝርዎ ነው፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉት ላይ ስታቲክ ይጨምሩ፣ የቀሩትን በሄደር ያውጧቸው።

ጠቅላላ_ዱቤን በተመለከተ፣ ቫሪያብሉ በሄደር ውስጥ ኤክስተርን የሚለው ቃል ሳይቀድመው ተጽፏል ማለት ነው። ያንን ሄደር ኢንክሉድ ያደረገ ፋይል ሁሉ የየራሱን ጠቅላላ_ዱቤ ይፈጥራል። እስከ ጂሲሲ 9 ድረስ ሊንከሩ እነዚህን ዝም ብሎ ወደ አንድ ያዋህዳቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ጂሲሲ 10 ጀምሮ ግን መደበኛው «-ኤፍኖ-ኮመን» ስለሆነ እንደ ተደጋገመ ይቆጠራል። በሄደሩ ላይ ኤክስተርን ያስቀድሙ፤ ከዚያ በአንድ የሲ ፋይል ውስጥ ብቻ፣ ዋናው ፋይል ቢሆን ይመረጣል፣ ያለ ኤክስተርን ይጻፉት። «-ኤፍኮመን»ን ያን ጊዜ ማውጣት ይችላሉ።

የሸማኔ_ልጅ፦

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ፤ ጥያቄዬ ተመሳሳይ ስለመሰለኝ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ስኩዌር ሩት የሚያሰላ የክፍል ሥራ እየሠራሁ «ወደ ስኩርት የሚያመለክት ያልተገኘ ስም» ይለኛል። የሒሳብ ላይብረሪውን የሚጠራውን «-ኤልኤም»ን ከጂሲሲ ቀጥሎ፣ ከፋይሌ ስም በፊት ጽፌዋለሁ። የሚገርመው መምህራችን የሰጡን ምሳሌ ያለ «-ኤልኤም» ይሠራል።

ቀንዲል፦

የሸማኔ_ልጅ፣ «-ኤልኤም»ን ከፋይልህ ስም በኋላ አድርገው። የኡቡንቱ ሊንከር ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነብ እስከዚያ ነጥብ ድረስ ማንም ያልፈለገውን ላይብረሪ ይተወዋል። የመምህርህ ምሳሌ የሚሠራው በስኩርት ውስጥ የተጻፈው ቋሚ ቁጥር ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ሲሆን ኮምፓይለሩ መልሱን ራሱ አስልቶ ስለሚያስቀምጠው ላይብረሪው አይጠራም። ቫሪያብል ስትሰጠው ግን ያስፈልጋል።

ይህን ካነሣን አይቀር፣ እንዝርት የጠየቁት የአድ-ደብሊው-ኤስቲአር ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ሄደሩ አለ፤ ነገር ግን የኤንከርስስ ሄደር የአማርኛን ፊደል የመሰሉ ሰፋፊ ፊደላት የሚጽፉትን ፋንክሽኖች የሚያወጣው ሲጠየቅ ብቻ ነው። መጠየቂያው ከኢንክሉዱ በፊት ኤክስኦፐን-ሶርስ የሚለው ማክሮ 500 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ዲፋይን ሲደረግ ነው። ሊንክ ሲደረግም «-ኤልኤንከርስስ» ሳይሆን በመጨረሻው ላይ ደብሊው የተጨመረበት ኤንከርስስደብሊው ነው የሚፈለገው፤ ዴቢያን ሁለቱን ለየብቻ ይይዛቸዋል። እነዚህን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በሜክፋይሉ ላይ የላይብረሪ አማራጮችን የሚነግረውን ፒኬጂ-ኮንፊግን ስለ ኤንከርስስደብሊው ይጠይቁት፤ «-ሲፍላግስ» ሲሉት ማክሮውን፣ «-ሊብስ» ሲሉት ላይብረሪዎቹን ከነተያያዦቻቸው ይሰጥዎታል። የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የስርዓቱን የቋንቋ ቅንብር የሚያነሣው ሴትሎኬል በባዶ ስም መጠራቱንም ያረጋግጡ፤ ያለ እሱ ኮምፓይሉ ቢያልፍም ስሞቹ ተበላሽተው ይታያሉ።

ሰም_ለበስ፦

ከጂዲቢው ውጤት በኋላ በደንበኛ_ፈልግ ላይ አልከራከርም። ቢሆንም ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማድረግ ለማይችል ሰው መካከለኛ መንገድ አለ፦ «-ኤፍፐርሚሲቭ»ን ለሙሉው ፕሮግራም ከመስጠት፣ ገና ላልተነካው አንድ ፋይል ብቻ በሜክፋይሉ ላይ ለይቶ መስጠት። ንዑሱ «-ደብሊው» ግን ከሁሉም ላይ ይውጣ፤ እሱ ባለበት «-ኤፍፐርሚሲቭ» ያወረዳቸውን ማስጠንቀቂያዎች እንኳ ማንም አያያቸውም።

እንዝርት፦

ንዑሱን «-ደብሊው» አውጥቼ «-ደብሊውኦል»ን ከ«-ደብሊውሚሲንግ-ፕሮቶታይፕስ» ጋር አስገባሁ፤ ሄደሮቹን ጣና_ዳር እንዳሉት አስተካከልሁ፣ ጠቅላላ_ዱቤን በዋናው ፋይል ውስጥ ብቻ አስቀመጥሁ፣ ኤንከርስስንም በፒኬጂ-ኮንፊግ አደረግሁት። የኮምፓይል ስህተት የለም፤ «-ኤፍፐርሚሲቭ»ም «-ኤፍኮመን»ም ወጥተዋል። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ካሰብሁት በላይ ፋንክሽን ተገኝቷል፤ ከእነሱ መካከል አንዱ በሄደር ላይ ሎንግ ይመልሳል ተብሎ በፋይሉ ውስጥ ደብል የሚመልስ ነበር፣ የወለድ ስሌቱ ላይ ያለው።

የቀረኝ አንድ የሊንከር ስህተት ነው። ማተሚያ የሚለውን ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል ሆኖ ገና ሊንክ ያልተደረገ) ጠቅሶ «ፒአይኢ ሲዘጋጅ ይህ ሪሎኬሽን ሊውል አይችልም፤ በ«-ኤፍፒአይኢ» እንደገና ኮምፓይል አድርጉት» ይላል። የማተሚያውን የምንጭ ፋይል ግን ጨርሶ አልነካሁትም።

ጣና_ዳር፦

ያልነኩት መሆኑ ነው ምክንያቱ። ፎልደሩን ከሴንትኦኤስ እንዳለ ስለገለበጡት በጂሲሲ 4.8 የተሠሩት አሮጌ ኦብጀክት ፋይሎች አብረው መጥተዋል። ሜክ የሚያወዳድረው የፋይሎችን የለውጥ ሰዓት ብቻ ነው፤ ኮምፓይለሩ ተለወጠ፣ ሲፍላግስ ተለወጠ ብሎ አይመለከትም። የማተሚያው ኦብጀክት ከምንጩ በኋላ የተሠራ ስለሆነ «ወቅታዊ ነው» ብሎ አለፈው፤ ያ ኦብጀክት ግን ለፒአይኢ ያልተዘጋጀ ነው።

«ሜክ ክሊን» ይበሉና እንደገና ይጀምሩ። ሜክፋይሉ ክሊን የሚል ክፍል ከሌለው ኦብጀክት ፋይሎቹን በእጅ ይሰርዟቸው፤ ከፎልደሩ ሥር ሌላ ፎልደር ካለ እዚያም ይመልከቱ። በ«ኤአር» የተሠራ የራሳችሁ ስታቲክ ላይብረሪ ካለም እንደገና መሠራት አለበት፤ በውስጡ ያሉት እነዚያው አሮጌ ኦብጀክቶች ናቸው። ከዚያ ሲፍላግስ ላይ «-ኤምኤምዲ» ይጨምሩና ጂሲሲ የሚያወጣቸውን የጥገኝነት ፋይሎች በሜክፋይሉ መጨረሻ ላይ በሰረዝ በሚጀምር ኢንክሉድ ያስገቧቸው፤ ከእንግዲህ አንድ ሄደር ሲለወጥ የሚመለከታቸው ፋይሎች ሁሉ ራሳቸው ይታደሳሉ።

እንዝርት፦

የማተሚያውን ጨምሮ በንዑስ ፎልደር ውስጥ ሌሎችም አሮጌ ኦብጀክቶች ነበሩ፤ ሰርዣቸው ሊንኩ አልፏል። የደንበኛ ፍለጋው ይሠራል፣ ስሞቹም በአማርኛ በትክክል ይነበባሉ። ከ«-ደብሊውኦል» የሚመጡ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ በፕሪንትኤፍ ውስጥ የሎንግ ቁጥርን በኢንት ምልክት ስለማተም ናቸው። እነሱንም ልንካቸው ወይስ ልተዋቸው?

ቀንዲል፦

ይንኳቸው፤ ሎንግ በዚህ ማሽን 64 ቢት ስለሆነ በኢንት ምልክት ሲታተም ትልቅ ሒሳብ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። እግረ መንገድዎን፣ ባዶ ቅንፍ ይዘው ዲክሌር የተደረጉ ፋንክሽኖች ካሉ ቅንፉ ውስጥ ትክክለኛ መቀበያዎቻቸውን ይጻፉ። በ2025 የወጣው ጂሲሲ 15 በመደበኛነት የሚከተለው ሲ23ን ነው፤ በእሱ ባዶ ቅንፍ «ምንም አይቀበልም» ማለት ስለሆነ፣ ዛሬ የሚያልፈው ጥሪ ያን ጊዜ «ብዙ አርጉመንት ተሰጥቷል» ተብሎ ይመለስብዎታል። «-ደብሊውስትሪክት-ፕሮቶታይፕስ» የትኞቹ እንደሆኑ አሁኑኑ ያሳይዎታል።